ሐምሌ ሳይገባ የተከፈለ ኪራይ

መምህር የሆንሁበት የመጀመሪያ ቀን የተጀመረው የሠላሳ ስምንት ተማሪዎችን ኪስ በማስራገፍ ነው።

በዚያ ጠዋት ወደ ክፍል የገባሁት አንድ ወረቀት መብሻ፣ ሁለት ስቴፕለር፣ አንድ ካልኩሌተርና በፕላስቲክ የተሸፈነ የትምህርት ዕቅድ ይዤ ነበር። ከዚያ በፊት በአንድ ፋብሪካ የሂሳብ ክፍል፣ መጀመሪያ በረዳት ኦዲተርነት፣ በኋላም በከፍተኛ ኦዲተርነት ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ፋብሪካ ውስጥ ሰው ኦዲተር ሲያይ ዝም ይላል። ተማሪ ግን ዝም እንደማይል የተረዳሁት በዚያው ዕለት፣ በአራተኛው ደቂቃ ላይ ነው።

«በኪሳችሁና በቦርሳችሁ ያለውን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አውጡ» አልሁ።

የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ ወጣ፤ ቀኑ ያለፈበት የሎተሪ ዕጣ ወጣ፤ የወፍጮ ቤት ቁራጭ ወረቀት፣ የማስቲካ መጠቅለያ፣ በአራት የታጠፈ የፈተና መኮረጃ ወጣ። ዮናስ የሚባል፣ ከኋላ የተቀመጠ ቀጭን ተማሪ ሳያስበው አንድ ያልተላከ የፍቅር ደብዳቤ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠ። እኔም እንደ ማንኛውም ሰነድ አንሥቼ፣ አንደኛውን መስመር ብቻ አንብቤ መለስሁለት።

«ይህ በየትኛው ርእስ ሥር ይመደባል?» ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄው ከልብ ነበር።

«የማይመለስ ወጪ በሚለው ይግባ ቲቸር» አለች አንዲት ተማሪ፣ ክፍሉም ተናጋ።

እኔ በሥራ ሰዓት የምስቅ ሰው አይደለሁም። ወደ ሰሌዳው ዞርሁና ሳቄ እስኪያልፍልኝ ድረስ ቀኑን ጻፍሁ። ቀኑን ሁለት ጊዜ ሳልጽፈው አልቀረሁም።

ሥራውን የሰጡኝ ባሕር ዳር ያለው የዩኒቨርሲቲያችን ዲን ነበሩ። የሂሳብ አያያዝ መርሆዎችን ላስተምር ተቀጥሬ ገና ወንበሬን ሳላሞቅ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ወይዘሮ አስናቀች፣ ተማሪዎቹ የወር ገንዘባቸውን በሁለት ሳምንት ይጨርሱና እኔ ቢሮ ይመጣሉ። አንድ ነገር ያስተምሯቸው» አሉኝ።

«ትምህርቱ ስንት ክሬዲት አለው?»

«ክሬዲት የለውም። ጥቅም ግን አለው።»

«ክፍልስ?»

«ክፍልም እንፈልጋለን።»

ትምህርቱን «የግል ገንዘብ ዕቅድና የሰነድ አያያዝ» ብዬ ሰየምሁት። ተማሪዎቹ በሁለተኛው ሳምንት «የካርቶን ትምህርት» አሉት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ የጫማ ካርቶንና ዐሥራ ሁለት ፖስታ ይዞ እንዲመጣ አዝዤ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ወረቀቱ ካርቶን ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻው በየወሩ ፖስታ ይደረደራል፤ ይደመራል።

በካርቶኑ ክዳን ላይ ሦስት ደንቦች አስጻፍሁ። አንደኛ፣ ወረቀት የሌለው ወጪ አይመዘገብም። ሁለተኛ፣ ቀኑ ሰነዱ ላይ እንዳለ ይወሰዳል፤ የትምህርት ዘመኑ አንድ ስለሆነ ዓመተ ምሕረት አይጻፍም። ሦስተኛ፣ ፖስታዎቹ ከአንድ እስከ ዐሥራ ሁለት ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ቁጥር አያሻማምና የወር ስም አያስፈልግም። በእነዚህ ሦስት ደንቦች እኮራ ነበር። ሌሎች መምህራን በልጆቻቸው ፎቶግራፍ እንደሚኮሩት ያለ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የመጣው ከከተማው አጠገብ ካለችው ከመሸንቲ ነው። ትዕግሥት የምትባል የገበሬ ልጅ፣ ያቀረበችው የወር ዕቅድ እንዲህ ይላል፦ ገቢ፣ አንድ ጣሳ በሶ፣ ሁለት ኪሎ ሽሮ፣ ግማሽ ጣሳ ሽምብራ፣ ስድስት መቶ ብር።

በቀይ እስክሪፕቶ አሰመርሁበትና መለስሁላት። «ትዕግሥት፣ በሶ ገንዘብ አይደለም» አልኋት።

«ጥር ላይ ይምጡና ይዩት፣ ቲቸር። ጥር ላይ በሶ ከገንዘብ ይበልጣል።»

ጥር ላይ፣ በግቢው ምግብ ፈንታ በየወሩ በእጃቸው የሚሰጣቸውን የነን ካፌ ገንዘብ በግማሽ ወር የጨረሱ አራት ልጆች፣ ዮናስም አንዱ ነው፣ በትዕግሥት በር ላይ ተሰልፈው በሶ በማንኪያ ሲበደሩ እንደ ነበር ሰማሁ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ቀዩን መስመር በነጭ ቀለም አጠፋሁላትና ለበሶ ዓምድ ሠራሁ።

ዮናስ ደግሞ በዕቅዱ ላይ «ለድንገተኛ ደስታ፣ ሁለት መቶ ብር» ብሎ ጻፈ። ሰረዝሁት።

«ቲቸር፣ ድንገተኛ ሕመም ብለን ስንጽፍ ፈቅደዋል» አለ። «መታመም የተፈቀደለት ሰው መደሰት ለምን ይከለከላል?»

ኦዲተር መልስ ሲያጣ ጉዳዩን ለማጣራት ጊዜ ይወስዳል፤ እኔም አንድ ሳምንት ወሰድሁ። በመጨረሻ መቶ ብር ፈቀድሁለት፤ ደስታውም በደረሰኝ እንዲረጋገጥ አዘዝሁ። በወሩ መጨረሻ የሁለት ሰው የጀልባ ደረሰኝ አቀረበ። ሁለተኛው ሰው ማን እንደ ሆነ አልጠየቅሁም። የማይመለስ የተባለው ወጪ መመለስ እንደ ጀመረ ግን ገባኝ።

አሁን ወደ ሰሚራ ልምጣ። ይህ ሁሉ የተጻፈው ስለ እርሷ ነው።

ሰሚራ ከፊት መስመር የምትቀመጥ፣ የወረታ ከተማ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ትዕግሥትና እርሷ ከግቢው አጠገብ፣ ፔዳ በሚባለው ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በመስከረም መጨረሻ ከክፍል በኋላ ቀርታ የአባቷን ነገር ነገረችኝ። አባቷ ሐጂ ኑሩ የዓመቱን ወጪ፣ ለዐሥር ወር የሚሆን ኀምሳ ሺህ ብር፣ በአንድ ጊዜ ባንክ አስገብተውላታል። ውላቸውም አጭር ነው፦ በወር ከአምስት ሺህ አታልፊም። አንድ ወር እንኳ ካለፍሽ፣ ወይም አንድ ብር የት እንደ ገባ ካልታወቀ፣ የሚቀጥለውን ዓመት ከሱቁ ጠረጴዛ ጀርባ ትጀምሪያለሽ።

«ሌሎቹ ይህ ትምህርት ክሬዲት የለውም ይላሉ» አለችኝ። «ለእኔ ግን አለው፣ ቲቸር።»

ያን ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ከወትሮው ፈጠን ብዬ እንደ ተራመድሁ አስታውሳለሁ። በፋብሪካው ዐሥራ አንድ ዓመት ስሠራ ሥራዬን ለእንዲህ ያለ ነገር የፈለገው ሰው አልነበረም።

ሰሚራ ከእኔ የባሰች ጥንቁቅ ሆና ተገኘች። የቤት ኪራዩን በስልክ ባንክ ትከፍልና ማረጋገጫውን ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዳ ታሳትመዋለች። ከኤቲኤም ገንዘብ ስታወጣ የማሽኑን ወረቀት ይዛ፣ በገንዘቡ የገዛችበትን ደረሰኝ ሁሉ ከጀርባው በስቴፕለር ትሰፋበታለች። ባለ ወፍጮው በእጁ ጽፎ የሚሰጣትን ቁራጭ እንኳ አጣጥፋ ሳይሆን ዘርግታ ነው የምታስቀምጠው።

ግንቦት ደረሰ። የድርደራው ቀን ዓርብ እንዲሆን ወሰንሁ። ጠዋት ስመጣ ክፍሉ ለስብሰባ ተይዟል። ዲኑን በኮሪደር አገኘኋቸው።

«ክፍል እንፈልጋለን ብለውኝ ነበር» አልኋቸው።

«እየፈለግን ነው» አሉኝ።

ስለዚህ ሠላሳ ስምንቱን ተማሪዎች ከነካርቶናቸው ይዤ ወደ ጣና ዳር፣ ዋርካው ሥር ወዳለው ሣር ወረድሁ። ዛሬ ላይ ሆኜ ለወጣት ባልደረቦቼ የምመክረው አንድ ነገር ቢኖር፣ ልቅ ወረቀት ይዛችሁ ሐይቅ ዳር እንዳትሄዱ ነው።

ዐሥር ደቂቃ ያህል ሁሉም መልካም ነበር። ከዚያ ነፋሱ ከሐይቁ በኩል መጣ። የስድስት ወር የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ እንደ ርግብ ተነሣ። ተማሪዎቹ ግማሹ ሲሮጥ ግማሹ በወረቀቱ ላይ ተቀመጠ። ዮናስ በደረቱ ተኝቶ የጥርን ወር በሙሉ አዳነ። አንዲት ወረቀት እስከ ውኃው ሄዳ አንድ የታንኳ ቀዛፊ ጭን ላይ ዐረፈች፤ ሰውየው አነበበና «የአምስት ኪሎ ጤፍ ማስፈጫ! የማን ናት?» ብሎ ተጣራ። ባለቤቱ ጫማውን አውልቆ ገባ።

ከአጠገባችን ማንጎ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ትዕግሥት አራት ፍሬ ገዝታ በየክምሩ ላይ አንዳንድ አስቀመጠች፤ ወዲያው ሁሉም ተከተላት፤ ሴትዮዋም ቅርጫቷን በሩብ ሰዓት ባዶ አደረገች። ትዕግሥት ወጪውን እንዲህ ብላ መዘገበችው፦ «ለወረቀት መጫኛ የተገዛ ማንጎ፣ አራት ፍሬ። ከሥራ በኋላ ተበልቷል። ቀሪ ንብረት፣ አራት ዘር።» በፋብሪካው ብዙ የንብረት መዝገብ መርምሬአለሁ፤ እንዲህ የተሟላ አላየሁም።

በዚህ ግርግር መካከል ሰሚራ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ዐሥራ አንድ ቁጥር ላይ የሚገባ ወረቀት አለኝ። ዐሥራ ሁለት ላይም አለ።»

«እኔም አለኝ» አለ ዮናስ ከተኛበት።

እኔ በዚያን ጊዜ በአንድ እጄ የሌላ ተማሪ የመጋቢት ወር፣ በሌላው ሁለት ማንጎ ይዤ ነበር። ቀና ብዬም አላየኋቸውም። «ሰነዱ ላይ ያለው ቁጥር ባዘዘው ፖስታ ይግባ። ደንቡ ይከበር» አልሁ።

ደንቡ ተከበረ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሐጂ ኑሩ መጡ። ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ ደልደል ያሉ፣ የሱቃቸውን ቁልፍ እንደ መቁጠሪያ በጣታቸው የሚያዞሩ ሰው ናቸው። በትምህርት ክፍሉ ቢሮ ተቀበልኋቸው። ሰሚራ ካርቶኗን ታቅፋ፣ ትዕግሥትም ለድጋፍ ብላ ተከትላት ገባች።

«እርስዎ ነዎት የካርቶኗ መምህርት?» አሉኝ።

«እኔ ነኝ ሐጂ፤ ቀድሞ ለዐሥራ አንድ ዓመት ኦዲተር ነበርሁ። እንኳን ደኅና መጡ።»

«እኔ እንኳ ወረቀት አልይዝም፤ መዝገቤ እዚህ ነው» ብለው ግንባራቸውን በቁልፉ መታ መታ አደረጉ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ሳሙና ጠፍታብኝ አታውቅም። የልጆቹን ደግሞ እንየው።»

አንደኛውን ፖስታ ከፈቱ። እኔ በካልኩሌተር፣ እሳቸው በጣታቸው እየነካኩ እንደምር ጀመር። ቀድመውኝ ጨረሱ።

«ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ» አሉ።

ካልኩሌተሬ ከትንሽ ቆይታ በኋላ ተስማማ። ስድስት ሺህ ዘጠኝ መቶ። የሰሚራ ፊት እንደ ፖስታው ነጣ።

«አባዬ፣ መስከረም ላይ አምስት ሺህ አልሞላም። ቆጥሬዋለሁ።»

«ወረቀቱ ሌላ ይላል ልጄ። ወረቀት ያዥ ብዬሽ አላውቅም፤ አንቺ ነሽ የያዝሽው።» ይህን ሲሉ ደስ ብሏቸው አልነበረም። ሰውየው ልጃቸው እንድትረታቸው ፈልገው እንደ መጡ ያኔ ገባኝ። በዝምታ የቀሩትን ፖስታዎች መግለጥ ቀጠሉ። ስድስት፣ ሰባትና ስምንት ቁጥር ላይ ኪራይ የለም። ዐሥር ቁጥርን የሰኔን ኪራይ ቀድማ ከፍላ ይሆናል ብለው አለፉት፤ ዐሥራ አንድ ላይ ሲደርሱ ግን ቁልፉ መዞሩን አቆመ።

«መምህርት፣ ሐምሌ ገብቷል እንዴ?»

«ገና ነው ሐጂ። ዛሬ ግንቦት ነው።»

«ታዲያ የሐምሌ ኪራይ ተከፍሏል። ዐሥራ ሁለት ቁጥርም ላይ አለ፤ የነሐሴም ተከፍሏል። ልጄ ክረምቱን ኖራው ነው የተመለሰችው?»

ትዕግሥት ከንፈሯን ነከሰች። እኔ ወረቀቷን ተቀበልሁ። የባንክ ማረጋገጫ ናት፤ «15/11» ይላል። ዐይኔን ከወረቀቷ አንሥቼ ግድግዳው ላይ ወዳለው የቀን መቁጠሪያ አየሁ፤ እንደ ማንኛውም የቢሮ መቁጠሪያ፣ የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ በትንሹ ታትሞበታል። ለዘጠኝ ወር ያህል ከራሴ በላይ ተሰቅሎ ነበር።

ባንኩ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል። ባለ ሱቁና ባለ ወፍጮው በእኛ ይጽፋሉ። ዓመተ ምሕረት አይጻፍ ያልሁት እኔ ነኝ፤ የወር ስም አያስፈልግም ያልሁትም እኔ ነኝ። ስለዚህ የኅዳር ስድስት ኪራይ ወደ ሐምሌ ሄደ፤ በጥር የተከፈለው ኪራይና የኮምፒውተር ጥገና ደግሞ ወደ መስከረም ተመልሶ መስከረምን አሳበጠው። የሠላሳ ስምንቱም ተማሪዎች ካርቶን፣ በእኔ ትእዛዝ፣ በሥርዓትና በጥንቃቄ ተሳስቷል።

«ሐጂ» አልሁ፣ ወረቀቷን ፊታቸው እያኖርሁ፣ «ጥፋቱ የልጅዎ አይደለም። የእኔ ነው።» ነገሩን ከነወረቀቱ አስረዳኋቸው። ሰሚራ ትናንት ጠይቃኝ ቀና ብዬ እንኳ ሳላያት ደንቡ ይከበር እንዳልኋት ጭምር ነገርኋቸው።

ሐጂ ቁልፋቸውን እንደገና ማዞር ጀመሩ።

«ስንት ዓመት ኦዲተር ነበርሁ ነው ያሉኝ?»

«ዐሥራ አንድ።»

«በየትኛው አቆጣጠር?»

ትዕግሥት መታገሥ አልቻለችም፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ወደ ኮሪደር ወጣች፤ ሳቋም ከእርሷ ቀድሞ ደረጃው ጋ ደረሰ። እኔ ዞሬ ቀን የምጽፍበት ሰሌዳ ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ሳቅሁ። በሥራ ሰዓት፣ በባለጉዳይ ፊት፣ ዐይኔ እስኪያነባ ድረስ ሳቅሁ።

ከዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ትዕግሥት ለሌሎቹ ስልክ ደውላ ነበርና ዮናስን ጨምሮ ዐሥር የሚሆኑ ተማሪዎች ካርቶናቸውን ይዘው ደረሱ፤ ቦታው ስላልበቃ ኮሪደሩንም ያዙት። የማንጎ ሽታ ያለበት የካርቶን ክምር ከበር እስከ ደረጃ ተዘረጋ። የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አውርደን መካከል ላይ አስተኛነው። አንዱ የፈረንጁን ቀን ይጠራል፣ ሌላው የእኛን ይመልሳል፣ ሦስተኛው ወደ ፖስታው ይወረውራል። የወር ስም በየፖስታው ላይ በትልቁ ተጻፈ።

ሐጂ ኑሩ ቆባቸውን አስተካክለው ከመካከላችን ተቀመጡ። «እኔ ደግሞ ሦስተኛ አቆጣጠር አለኝ፤ ረመዳኔን የምይዝበት» አሉ። «እርሱ ካርቶኑ ውስጥ ባለመግባቱ አላህን አመስግኑ።»

«ሐጂ፣ እርሱ ቢጨመርማ አሁን ገና ያልተወለድሁ እሆን ነበር» አለ ዮናስ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ የሰሚራ ካርቶን ተስተካከለ። መስከረም አራት ሺህ ስምንት መቶ ሆነ። ጥርም እንዲሁ። ዘጠኙም ወር ከአምስት ሺህ በታች ነው። ሰሚራ መተንፈስ ጀመረች። እኔ ካልኩሌተሬን ልዘጋ ስል ሐጂ ጣታቸውን አነሡ።

«ቆይ። ወረቀቱን ሁሉ ደምረን፣ ባንክ የቀረውን ስንጨምርበት ኀምሳ ሺህ መምጣት አለበት። ሰባት መቶ ብር ይጎድላል።»

እውነት ነው። ከኤቲኤም ወረቀቶቹ አንዷ ብቻዋን ናት፤ ከጀርባዋ ምንም አልተሰፋባትም። ሰባት መቶ ብር ወጥቷል፤ የት እንደ ገባ የሚናገር ደረሰኝ የለም።

«ይህ የት ሄደ ሰሚራ?» አሉ አባቷ።

ሰሚራ ወለሉን አየች። «ደረሰኝ የለውም።»

«ደረሰኝ አልጠየቅሁሽም። የት ሄደ?»

ሰሚራ የካርቶኗን ክዳን ገጠመች።

«ሰሚራ፣ ለምን አልጻፍሽውም?» አልኋት እኔ።

«ወረቀት የሌለው አይመዘገብም ብለዋል፣ ቲቸር።» ለሁለተኛ ጊዜ የራሴ ደንብ ከካርቶን ወጥቶ ፊቴ ቆመ።

«እንግዲያው በአፍሽ ንገሪን።»

«አልናገርም።»

ትዕግሥት አፏን ስትከፍት ሰሚራ ቀሚሷን ያዘቻት። ሐጂ ኑሩ ቁልፋቸውን መሬት ላይ አኖሩት። «ስሚኝ ልጄ። ከተናገርሽ ትማሪያለሽ። ካልተናገርሽ ውላችን ውል ነው፤ መስከረም ላይ ሱቅ ነሽ።»

«እሺ አባዬ። ሱቅ እገባለሁ።»

ዘጠኝ ወር ሙሉ የወፍጮ ወረቀት ዘርግታ ያስቀመጠች ልጅ ትምህርቷን በሰባት መቶ ብር ስትሸጥ ማየት አልቻልሁም። ሌላ የማውቀው ሥራ ስለሌለ ሥራዬን ሠራሁ፤ ወረቀቷን እንደገና አነሣሁ። «21/02» ትላለች። ትናንት በእኔ ደንብ ጥቅምት ሃያ አንድ ሆና ሁለተኛው ፖስታ ገብታ ነበር። መቁጠሪያውን ገለጥሁ።

«የካቲት ዐሥራ አራት» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብሁ።

«ጥቅምትስ ቢሆን ወረታ ነበርሁ፤ አላውቅም» አሉ ሐጂ። «የካቲት ዐሥራ አራት ግን… ሳሙና ልጭን እዚህ መጥቼ ነበር።» በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። «ጠዋት ሳሙናውን ጫንሁ። የቀትሩን ሶላት፣ ዝሁርን ሰገድሁ። ከዚያ…»

ጣታቸው አየር ላይ ቀረ።

«ከዚያ ዓሣ በላን።»

ሰሚራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ሐይቁ ዳር» አሉ፣ ቀስ እያሉ። «ልከፍል ኪሴን ስዳብስ ሰሚራ እጄን ያዘችኝ። እኔም ‹በይ እንግዲህ፣ ባሕር ዳር አገርሽ ነው፤ እንግዳሽ ነኝ› አልኋት። አስተናጋጁ ልጅ ደረሰኝ ሊጽፍ ሲል ‹ለዓሣ ደግሞ ምን ደረሰኝ!› ብዬ የመለስሁት… እኔ ነኝ።»

«እኔ ሁዳዴ ገብቶ ስለነበር ሽምብራዬን ቆርጥሜ ቤት ቀረሁ» አለች ትዕግሥት፣ ቀሚሷን ከሰሚራ እጅ አስለቅቃ። «ማታ ግን ሰምቻለሁ። ሦስት ዓሣ ነበር አሉ።»

«ሦስት ነበር። ሁለቱን የበላሁት እኔ ነኝ።» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይህን ላለመናገር ነው ሱቅ እገባለሁ ያልሽው?»

«እንግዳ የበላውን ይቆጥሩበታል እንዴ አባዬ?» አለች ሰሚራ ከሻሿ ውስጥ። «እርስዎ የበሉትን እንዴት ብዬ ከሰው ፊት ልቁጠር?»

ሐጂ ኑሩ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ቆባቸው ወልቆ የዮናስ ካርቶን ውስጥ ወደቀ። ኮሪደሩ አብሮ ፈነዳ፤ ምክንያቱን ያልሰሙት ሳይቀሩ ሳቁ። «ወላሂ» አሉ ትንፋሽ ሲያገኙ፣ «ልጄን ከትምህርት ሊያስወጣት የነበረው ሆዴ ነው።»

ከዚያም እስክሪፕቶዬን ጠየቁኝና፣ እንደ ነገሩን በዕድሜያቸው የመጀመሪያ የሆነውን ደረሰኝ ጻፉ። «ዓሣ ሦስት። አባት ሁለት፣ ልጅ አንድ። ሰባት መቶ ብር። የካቲት 14።» ፈርመው ሰጡኝ። እኔም መልሼ ሰጠኋቸውና ከቀኑ ጎን «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብለው እንዲጨምሩ ጠየቅኋቸው። ጨመሩ። ከጀርባ ሰፋሁት። የካቲት ዓሣው ታክሎ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ መጣ።

«አንድ ዓሣ ጨምሬ ብበላ ኖሮ አምስት ሺሁ አልቆልሽ ነበር» አሏት።

በዚህ መካከል ዲኑ በኮሪደሩ ካርቶን እየዘለሉ መጥተው በበሩ ብቅ አሉ። «ወይዘሮ አስናቀች፣ ምንድን ነው ይህ ሁሉ ሳቅ?»

«ኦዲት ነው» አልኋቸው።

በሚቀጥለው መስከረም ሰሚራ ከፊት መስመር ተቀመጠች። የዓመቱ ገንዘብ ስድሳ ሺህ ሆኖላት ነበር፤ አባቷ ልዩነቱን «ለእንግዳ» ብለው በራሳቸው እጅ አስመዝግበዋል። ለእኛም ክፍል ተገኘልን።

ትምህርቱን እስከ ዛሬ አስተምረዋለሁ። በካርቶኑ ክዳን ላይ የነበሩት ሦስት ደንቦች ተሽረዋል፤ አሁን ያሉት ሁለት ናቸው። ቀን ስትጽፉ የየትኛው አቆጣጠር እንደ ሆነ ጻፉ። ደረሰኝ የሌለውን ወጪ በዕለቱ፣ በራሳችሁ እጅ ጻፉ፤ የበላው አባታችሁ ቢሆንም።